ታሪኩን ከማሽኑ የለየ አሳታሚ፦ ኢንፎኮምና ከሞቱ የተረፉት ፋይሎቹ

ስለ ኢንፎኮም የተጻፉ ሐተታዎች አብዛኛዎቹ የሚቋጩት በአንድ ዓይነት ፍርድ ነው፤ ጨዋታ መሥራት የሚያውቅ ድርጅት የማያውቀውን የቢሮ ሶፍትዌር ልሥራ ብሎ ሀብቱን አፈሰሰ፣ ከሰረ፣ ተሸጠ፣ ተዘጋ። ታሪኩ ለማስተማሪያነት ይመቻልና በቀላሉ ይደጋገማል። ፍርዱ ሐሰት አይደለም፤ ግማሽ ብቻ ነው። ድርጅቱን ለውድቀት የዳረገው የምህንድስና ሐሳብና ሥራዎቹን ከሞት ያተረፈው የምህንድስና ሐሳብ አንድ መሆኑን ይሸፍናል። በእኔ እምነት ለእኛ የሚጠቅመው የተሸፈነው ግማሽ ነው።

ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በጨዋታ ፍቅር አለመሆኑን አስቀድሜ ልናገር። ያስገባኝ ሊከፈት ያልቻለ አንድ የአማርኛ ፋይል ነው፤ ወደ እርሱ በኋላ እመለሳለሁ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ኢንፎኮም የተመሠረተው ሰኔ 22 ቀን 1979 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ነው። መሥራቾቹ ዐሥር ሲሆኑ ሁሉም በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኮምፒውተር ሳይንስ ቤተ ሙከራ ዙሪያ የተሰባሰቡ ተመራማሪዎችና ተማሪዎች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል የኮምፒውተር ኔትወርክን ሐሳብ ቀድመው ካራመዱት ሊቃውንት አንዱ የሆነው ጄ. ሲ. አር. ሊክላይደር ይገኝበታል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ድርጅቱ ሲቋቋም ምን እንደሚሸጥ አለመወሰኑ ነው። ያሰባሰባቸው የጋራ ምርት ሳይሆን ከትምህርት በኋላ አብሮ የመሥራት ፍላጎት ነበር። ለንግድ የሚሆን ነገር ሲፈልጉ ቀድሞ በእጃቸው የተገኘው ከ1977 ጀምሮ ለመዝናናት የጻፉት ዞርክ የተባለ የጽሑፍ ጨዋታ ሆነ። ተጫዋቹ የሚያደርገውን በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙ የሆነውን በጽሑፍ ይመልሳል። ሥዕል የለም፤ ከመሬት በታች ያለውን ግዛት ተጫዋቹ በምናቡ ይሥላል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ችግር ተነሣ። ዞርክ የተጻፈው ፒ.ዲ.ፒ.-10 ለተባለ፣ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ለሚጋሩትና አንድ ሜጋባይት ያህል ቦታ ለሚፈልግ ፕሮግራም መሥሪያ ለሚበቃ ትልቅ ኮምፒውተር ነው። በቤት ይገዙ የነበሩት ማሽኖች ግን እንደ ቲ.አር.ኤስ.-80 ያሉ፣ ማኅደረ ትውስታቸው ከ32 ወይም ከ48 ኪሎባይት የማያልፍ ነበሩ። ማርክ ብላንክና ጆኤል ቤሬዝ ያገኙት መፍትሔ ይህ ነው፦ ጨዋታውን ለየትኛውም እውነተኛ ኮምፒውተር አለመጻፍ። በምትኩ በዓለም ላይ የሌለ፣ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ኮምፒውተር ነደፉ፤ ስሙንም ዜድ-ማሽን አሉት። ጨዋታው የሚተረጎመው በዚህ ምናባዊ ማሽን ቋንቋ ወደ ተጻፈ አንድ የታሪክ ፋይል ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ የኮምፒውተር ዓይነት ምናባዊውን ማሽን የሚያስመስል አነስተኛ ፕሮግራም፣ ማለትም አስተርጓሚ፣ ይጻፍለታል። ፋይሉ ሁሉም ወደ ማኅደረ ትውስታ መግባት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ክፍል በሚያስፈልግበት ጊዜ ከፍሎፒ ዲስክ ይነበባል። እንዲያም ሆኖ ዞርክ በአንድ ዲስክ አልበቃምና በሦስት ክፍል ተከፈለ።

የንግድ ጥቅሙ ግልጽ ነው። በዚያን ጊዜ ገበያው አፕል፣ አታሪ፣ ኮሞዶር፣ አይ.ቢ.ኤም.ና ሌሎችም እርስ በርስ የማይግባቡ ማሽኖች የሞሉበት ነበር። ሌላ አሳታሚ አንድን ጨዋታ ለአምስት ማሽን ለማውጣት አምስት ጊዜ ይጽፍ ነበር። ኢንፎኮም ግን ለአንድ ማሽን አስተርጓሚ በጻፈ ቀን እስከዚያ ያሳተማቸው ጨዋታዎች ሁሉ በዚያ ማሽን ላይ መሥራት ይችላሉ። እንደ ገበሬ አነጋገር፣ አንድ ጊዜ የታረሰ ማሳ ብዙ ምርት ሰጠ ማለት ነው።

አሳታሚ መሆን ምን ማለት ነው?

ኢንፎኮም መጀመሪያ ላይ አሳታሚ አልነበረም። የዞርክ የመጀመሪያ ክፍል በ1980 መጨረሻ ለቲ.አር.ኤስ.-80 የወጣው ፐርሰናል ሶፍትዌር በተባለ ሌላ ድርጅት በኩል ነው። ይህ ድርጅት ቪዚካልክ የተባለውን ዝነኛ የሒሳብ ሰሌዳ ፕሮግራም የሚያከፋፍል ነበርና ትኩረቱ ሁሉ ወደዚያ ነበር። ለዞርክ ያወጣለት ሽፋን ሪዛም ተዋጊ ሰይፉን መዝዞ የሚያሳይ ነው፤ በጨዋታው ውስጥ እንዲህ ያለ ጀግና የለም። ሽፋኑን የሠራው ሰው ጨዋታውን እንደ ተጫወተው እጠራጠራለሁ። የኢንፎኮም ሰዎች አከፋፋዩ ለጨዋታዎች ያለው ፍላጎት መቀዝቀዙን ሲያዩ ያልተሸጡትን ቅጂዎች መልሰው ገዝተው ራሳቸው ማሳተም ጀመሩ።

ይህን እርምጃ ታሪክ ጸሐፊዎች በአንድ መስመር ያልፉታል። እኔ ግን የድርጅቱን ባሕርይ የወሰነው እርሱ ነው እላለሁ። አሳታሚ መሆን ዲስክ በሣጥን አሽጎ መሸጥ ብቻ አይደለም። አንድ ሥራ በምን መልክ ለአንባቢ እንደሚደርስ፣ ከመደርደሪያ መቼ እንደሚወርድ፣ ማን ስሙን በሽፋኑ ላይ እንደሚያሰፍር የመወሰን ሥልጣን ነው። ኢንፎኮም በእነዚህ ሁሉ ላይ የራሱን ውሳኔ ሰጠ። የቆዩ ጨዋታዎቹን እንደ መጽሐፍ አሳታሚ በገበያ ላይ አቆያቸው፤ ዞርክ ከወጣ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ከመጀመሪያው ዓመቱ ይልቅ ብዙ ይሸጥ ነበር። በመጨረሻም የመጀመሪያው ክፍል ብቻውን ከ300,000 ቅጂ በላይ ተሸጧል። ከአንድ የገና ሰሞን ያለፈ ዕድሜ ላልነበራቸው የዘመኑ ጨዋታዎች ይህ እንግዳ ነገር ነበር።

የሣጥኑን ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ማንሣት ይገባል። በ1982 ማርክ ብላንክ ዴድላይን የተባለውን የወንጀል ምርመራ ጨዋታ ሲጽፍ የምስክሮች ቃል፣ የቤተ ሙከራ ውጤትና ሌላውም ማስረጃ ሁሉ በዲስኩ ላይ ሊበቃ አልቻለም። ስለዚህ በወረቀት ታትሞ፣ እንደ እውነተኛ የፖሊስ መዝገብ በሣጥኑ ውስጥ ገባ፤ በሟቹ አጠገብ የተገኙ ናቸው የተባሉ እንክብሎች እንኳ በከረጢት ታሽገው ነበር። ከቦታ እጥረት የተወለደው ይህ ዘዴ የድርጅቱ መለያ ሆነ። ከዚያ በኋላ የወጡት ጨዋታዎች ካርታ፣ ደብዳቤ፣ ሳንቲም፣ የሐሰት ጋዜጣ ይዘው ይመጡ ነበር። ያለ እነርሱ አንዳንዱን እንቆቅልሽ መፍታት ስለማይቻል ሕገ ወጥ ቅጂንም ይከላከሉ ነበር።

ስለ ጽሑፎቹ ጥራት ብዙ ማለት ይቻላል፤ ሁለት ብቻ ልጥቀስ። በስቲቭ ሜሬትስኪ ፕላኔትፎል (1983) ፍሎይድ የተባለ የልጅነት ጠባይ ያለው ሮቦት ተጫዋቹን ለማዳን ሲል ይሞታል። በኮምፒውተር ጨዋታ ገጸ ባሕርይ ሞት ሰዎች አለቀሱ ተብሎ ከሚጠቀሱት የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። የዚያው ደራሲ ኤ ማይንድ ፎሬቨር ቮያጂንግ (1985) ደግሞ እንቆቅልሽን ወደ ጎን ትቶ አንዲት ከተማ በአንድ ፖሊሲ ሳቢያ በየዐሥር ዓመቱ እንዴት እየከፋች እንደምትሄድ ተጫዋቹን በመንገዶቿ እያዘዋወረ ያሳያል፤ የሬገንን ዘመን መንግሥት በቀጥታ የሚተች ነበር። አከፋፋዩ ሌላ ድርጅት ቢሆን ኖሮ ይህ ሥራ ወደ ገበያ መውጣቱን አላምንም።

ያው ሐሳብ፣ ሌላ ዕጣ

አሁን ወደ ውድቀቱ። ከመሥራቾቹ መካከል አል ቬዛን የመሳሰሉት ጨዋታን መነሻ ካፒታል ማግኛ አድርገው እንጂ የድርጅቱ መድረሻ አድርገው አላዩትም። ስለዚህ የጨዋታው ገቢ ኮርነርስቶን ለተባለ የመረጃ ቋት ፕሮግራም ዝግጅት ፈሰሰ። ፕሮግራሙ በጥር 1985 በ495 ዶላር ወጣ። ለጀማሪ የሚቀል፣ ያለ ፕሮግራም አዋቂ እርዳታ የሚሠራ ተብሎ ተመስግኗል። ነገር ግን እርሱም የተሠራው በምናባዊ ማሽን ላይ ነበር። ጨዋታ ተጫዋቹ መልስ እስኪያነብ ድረስ የሚቆይ ነገር ነውና ትንሽ መዘግየት አይታወቅበትም። በሺህ የሚቆጠሩ መዝገቦችን የሚደረድር ነጋዴ ግን እያንዳንዱን ሴኮንድ ይቆጥራል። ከዚህም ይልቅ፣ በ1985 የቢሮው ገበያ በአይ.ቢ.ኤም. ፒሲና በመሰሎቹ ዙሪያ ተሰብስቦ አልቋል። ኮርነርስቶን በብዙ ማሽኖች ላይ ለመሥራት ሲል ፍጥነቱን ከፈለ፤ ገዢው ግን ያለው አንድ ማሽን ነበር። ያልተፈለገ ዕቃ በውድ ዋጋ መግዛት እንደ ማለት ነው። የተሸጠው 10,000 ቅጂ ያህል ብቻ ሲሆን ዋጋው ቆይቶ ከ100 ዶላር በታች ወርዷል። መቶ ያህል የነበረው የሠራተኛ ቁጥር በዚያው ዓመት መቀነስ ጀመረ።

በ1986 አክቲቪዥን ኢንፎኮምን በ7.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። የገዢው ድርጅት ኃላፊ ጂም ሌቪ የኢንፎኮምን ሥራዎች የሚወድ ሰው ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ ግን በብሩስ ዴቪስ ተተካ። ዴቪስ ግዢውን ከመጀመሪያው የተቃወመ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ትናንሽ ሥልጣኖችን አንድ በአንድ መነጠቅ ነው፦ ሣጥኑ በአክቲቪዥን ማሸጊያ ይታሸግ ተባለ፣ ወጪውም ከቀድሞው ናረ፤ የቆዩ ጨዋታዎች በመደርደሪያ ላይ የሚቆዩበት አሠራር ቀረ፤ በየዓመቱ የሚወጡት አርእስት ቁጥር እንዲበዛ ተጠየቀ። በግንቦት 1989 የማሳቹሴትሱ ቢሮ ተዘጋ። ስሙ ቀረ፤ ሰዎቹ ግን ተበተኑ።

አንድ ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል አውቃለሁ። ኮርነርስቶን ባይኖርም፣ አክቲቪዥን ባይገዛውም የጽሑፍ ጨዋታ ከገበያ መውጣቱ አይቀርም ነበር ይባላል። ሲየራ ኦንላይን ኪንግስ ክዌስትን በ1984 ካወጣ በኋላ ገዢው ሥዕል መጠየቅ ጀምሯል፤ አሚጋና መሰሎቹ ማሽኖችም የጽሑፍ መስኮትን ድህነት አስመስለውታል። ይህን እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ ተቃውሞው የሚያስረዳው ድርጅቱ ለምን እንደ ንግድ እንደ ቀዘቀዘ ነው። ለምን ሥራዎቹ ዛሬም እንደሚነበቡ አያስረዳም። የዚያን ጊዜ ባለ ሥዕል ጨዋታዎችን ለማየት የዘመኑን ኮምፒውተር ከነድምፅና ከነምስል ካርዱ ማስመሰል ያስፈልጋል። ዞርክን ለማንበብ ግን አንድ ትጉህ ተማሪ በጥቂት ሳምንታት ሊጽፈው የሚችል አስተርጓሚ ይበቃል።

እንዲያውም እንዲሁ ነው የሆነው። ድርጅቱ ገና ሳይዘጋ፣ በ1987፣ በአውስትራሊያ የሚገኙ ጥቂት ፕሮግራም አዋቂዎች የታሪክ ፋይሎቹን እየፈቱ የምናባዊውን ማሽን አሠራር ደረሱበትና የራሳቸውን አስተርጓሚ ጻፉ። በ1993 እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ግራሃም ኔልሰን ኢንፎርም የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ለዜድ-ማሽን አዲስ ታሪክ መጻፍ ይችላል። አምራቹ ከሞተ በኋላ አዲስ ሥራ የሚጻፍለት ኮምፒውተር ሆነ ማለት ነው፤ ያውም ከመጀመሪያው በአካል ኖሮ የማያውቅ ኮምፒውተር።

ወረቀቶቹስ? እነርሱም በሰው ትጋት ተረፉ። ሜሬትስኪ የቢሮውን ማስታወሻ፣ ንድፍና ደብዳቤ ሳይጥል አቆይቶ ነበር። ጄሰን ስኮት ስለ ጽሑፍ ጨዋታዎች ጌት ላምፕ የተባለውን ዘጋቢ ፊልም (2010) ሲሠራ እነዚያን ወረቀቶች በስካነር ገለበጣቸው። በ2019 ደግሞ የጨዋታዎቹን ምንጭ ኮድ ለሕዝብ ይፋ አደረገ። የባለቤትነቱ ጉዳይ እስከ ኅዳር 2025 ድረስ እንደ ተንጠለጠለ ቆየ፤ በዚያ ወር አክቲቪዥንን የጠቀለለው ማይክሮሶፍት የሦስቱን የዞርክ ክፍሎች ኮድ በኤም.አይ.ቲ. ፈቃድ ክፍት አደረገ። ዞርክ የተወለደበት ተቋም ስም በዚህ መንገድ ተመልሶ መምጣቱ አጋጣሚ ነው፤ ግን ደስ የሚል አጋጣሚ ነው። ለዚህ መጽሔት አንባቢ ሌላም ደስ የሚል ነገር ልጨምር። ስለ ድርጅቱ ብዙ ጊዜ ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ በ2000 የኤም.አይ.ቲ. ተማሪዎች መሥራቾቹን አነጋግረው ለአንድ የትምህርት ኮርስ ያዘጋጁት ጽሑፍ ነው። የሶፍትዌር ታሪክ የተማሪ ሥራ ሊሆን አይችልም የሚል ካለ መልሱ ይኸው።

ያልተከፈተው ፋይል

አሁን ወደ ገባሁት ቃል። አጎቴ በ1996 የጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ በአንድ ፍሎፒ ዲስክ ላይ ነበር። ስለ አንድ ወረዳ የእርሻ መሬት ክርክሮች ሽማግሌዎችን ጠይቆ የጻፈው ነው፤ ከተጠየቁት ሽማግሌዎች ዛሬ በሕይወት ያለ የለም። የታተመው ቅጂ ከቤት ወደ ቤት ስንዛወር ጠፋ፤ ለቤተ መጻሕፍት ገቢ የተደረገውም ሊገኝ አልቻለም። ዲስኩን የሚያነብ መሣሪያ ለማግኘት ወራት ፈጀብኝ። ፋይሉ ግን ሙሉ ነበር፤ አንድም ባይት አልተበላሸም። ስከፍተው ያየሁት የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ነው።

ምክንያቱን የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999፣ በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ሠሪ ፊደላቱን በራሱ መንገድ ቁጥር ይሰጣቸው ነበር። በስምንት ቢት የሚገኙት 256 ቦታዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ለሌላ ጉዳይ የተያዙ ናቸው። ከ230 በላይ የሆኑት ፊደላት ከቁጥሩና ከሥርዓተ ነጥቡ ጋር በዚያ አይበቁም። ስለዚህ አንዱ ፊደላቱን በሁለት ፎንት ከፈላቸው፤ ሌላው ከቁርጥራጭ ምልክቶች ገጣጠማቸው። ሁሉም በብልሃት የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ በእጃቸው በነበረው ማሽን አማርኛ እንዲጻፍ ያደረጉ ናቸውና ልናመሰግናቸው ይገባል። ነገር ግን ጽሑፉ ከፎንቱ ጋር፣ ፎንቱ ከፕሮግራሙ ጋር፣ ፕሮግራሙ ከዘመኑ የኮምፒውተር ሥርዓት ጋር ተጣበቀ። ከሰንሰለቱ አንዱ ሲበጠስ ጽሑፉ አብሮ ይወድቃል። ኢንፎኮም ለዞርክ ያደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ታሪኩን ከማሽኑ ለየው።

እዚህ ላይ አድናቆቴን ልገታው። ከማሽን የተለየው ዜድ-ማሽን ከቋንቋ የተለየ አልነበረም። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል እያንዳንዱ ፊደል በአምስት ቢት ይቀመጣል፤ ሦስት ፊደል በሁለት ባይት። ከ32ቱ አማራጮች 26ቱ ለእንግሊዝኛ ፊደላት ልክ ይሆናሉ፤ የተቀሩት ስድስት ለክፍተትና ለመቀያየሪያ ይውላሉ። ንድፉ እንደ ጓንት ለአንድ እጅ የተሰፋ ነው። እንዲሞከር ያህል አንዲት አጭር የአማርኛ ታሪክ ለዚህ ማሽን ለመጻፍ ተነሥቼ ነበር። ግራሃም ኔልሰንና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ ባዘጋጁት ደረጃ መሠረት ማሽኑ የዩኒኮድ ፊደልን ማተም ይችላል፤ አማርኛውም በስክሪኑ ላይ አማረ። ከተጫዋቹ ተቀብሎ ማንበብ የሚችላቸው ተጨማሪ ፊደላት ግን 97 ብቻ ናቸው። ሠላሳ ሦስቱ የፊደል ቤቶች በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ማሽኑ አማርኛ ይናገራል፤ ሲነገረው ግን ከግማሽ በታች ነው የሚሰማው። ግሡ መጨረሻ ላይ የሚመጣበት፣ ተደራጊው ከግሡ ጋር የሚጣበቅበት የአማርኛ ትእዛዝ ደግሞ ግስን ቀድሞ ለሚጠብቅ ፕሮግራም ሌላ ፈተና ነው፤ እርሱን ለሌላ ጽሑፍ አቆየዋለሁ።

ስለዚህ የኢንፎኮምን ንድፍ እንቅዳ የሚል ሐሳብ የለኝም። የምለው ሌላ ነው። ዜድ-ማሽን በውጭ ሰዎች ሊፈታ የቻለው አንድ ወጥ ሥርዓት ስለነበረውና ብዙ ሥራዎች በእርሱ ስለተጻፉ ነው፤ አንዱን የፈታ ሁሉንም ፈታ። የእኛዎቹ የፊደል አቀማመጦች ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱም ለብቻው መፈታት አለበት። ይህ ሥራ ከባድ ምርምር አይደለም፤ ትዕግሥትና የዘመኑ ሰነድ ብቻ ይጠይቃል። የሚያጥረን ሰነዱ ነው። ፕሮግራሞቹን የጻፉት ሰዎች አብዛኛዎቹ በዕድሜ ገፍተዋል፤ ማስታወሻቸውን እንደ ሜሬትስኪ በሣጥን ያቆዩ ስለመኖራቸው የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ይህን ርእስ ለመመረቂያ ጽሑፍ ሳቀርብ ያጋጠመኝ የመጀመሪያው ጥያቄ አዲስነቱ ምኑ ላይ ነው የሚል ነበር። ከዐሥር ከመቶ የማይበልጥ ማሻሻያ ለሚያመጣ ስልተ ቀመር የምንሰጠውን ዋጋ፣ ሊጠፋ ለተቃረበ የሥራ ታሪክ መንፈጋችን ፍትሐዊ አይመስለኝም። መቼም አዲስ ነገር የሚሠራው የቀድሞውን ማንበብ ሲቻል ነው።

ለድኅረ ምረቃ ክፍሎች የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ተማሪ ጽሑፉን ገቢ ሲያደርግ ከታተመው ቅጂ ጋር በዩኒኮድ የተጻፈ ግልጽ የጽሑፍ ፋይልና ያዘጋጀውን ፕሮግራም ምንጭ ኮድ አብሮ ያስረክብ። ፒ.ዲ.ኤፍ. ብቻውን አይበቃም፤ ከውስጡ የሚገለበጠው አማርኛ የተበታተነ ሆኖ ያገኘ ሁሉ ይመሰክራል። በተጨማሪ በየዓመቱ አንድ ወይም ሁለት ተማሪ ከ1999 በፊት ከነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የአንዱን ታሪክ እንዲጽፍ ይፈቀድለት፤ ሠሪዎቹን ያነጋግር፣ የፊደል ሠንጠረዡን ያስቀር። ኮድ ማስረከቡ ባለቤትነትን ያሳጣል የሚል ስጋት ከዚህ በፊት ሰምቻለሁ። ለተወሰነ ዓመት ታሽጎ የሚቆይበት ደንብ ማውጣት ይቻላል፤ ዞርክ ለሕዝብ በይፋ እስኪፈቀድ ድረስ ከአርባ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ የእኛ ዲስኮች ግን ያን ያህል አይቆዩም።

የአጎቴን ፋይል እስካሁን ሁለት ሦስተኛውን ያህል አንብቤያለሁ። ዘዴዬ የአውስትራሊያዎቹ ዘዴ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚደጋገሙ ቃላትን መርጦ ከምልክቶቹ ጋር ማስተያየት። «ነው» እና «መሬት» ቀድመው ተገኙ። ያስቸገሩኝ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ የሚመጡት ፊደላት ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ በአብዛኛው የሚገኙት በሰዎችና በቦታዎች ስም ውስጥ ነው፤ በግምት የሚሞሉ አይደሉም። በመጀመሪያዎቹ የ1990ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ የጽሕፈት ቤቶች ይሠራባቸው ከነበሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች የአንዱን የታተመ መመሪያ፣ በተለይም ከኋላው የሚገኘውን የፊደል መምቻ ሠንጠረዥ፣ ያስቀመጠ አንባቢ ቢኖር በዚህ መጽሔት ዝግጅት ክፍል በኩል ቢያውሰኝ ገልብጬ እመልሳለሁ።